የጨዋታ ኮምፒውተሬ ለምን ተንቀራፈፈ? የአራት ወር ፍለጋ ከአዳማ

በአራት ወር ውስጥ ሁለት ግራፊክስ ካርድ (የጨዋታውን ምስል የሚሠራ ክፍል) ገዛሁ፣ ዊንዶውስን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጫንኩ፣ የእህቴን የሠርግ ፎቶዎች አጠፋሁ። በመጨረሻ ዋናው ጥፋት ከጣቴ ጫፍ የምታንስ የፕላስቲክ እግር ሆና ተገኘች። እሷን ለማስተካከል አንድ ብር አላወጣሁም። እሷ ጋ እስክደርስ የባከነው ገንዘብ ግን ደህና ሶፋ ይገዛ ነበር፤ እናቴ ይህንን ሳትነግረኝ የዋለችበት ቀን የለም። ጨዋታ እየተቆራረጠበት ወደ ገበያ ሊሮጥ የተነሣ ሰው ካለ ከመሮጡ በፊት ይህን ያንብብልኝ።

አዳማ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም። ማታ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኳስ ጨዋታና ግራንድ ቴፍት አውቶ አምስትን ለመጫወት ብዬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኢንቴል ኮር አይ5-10400 ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 የወጣ፣ ስድስት ኮር (ሥራ የሚከፋፈሉ ክፍሎች) ያለው፣ ለእኔ ከበቂ በላይ የሆነ። ራሙ (የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት) 8 ጊጋባይት ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ለብቻው የለውም። ሚኒባስ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጎን ጭኜው መጣሁ። የፍጥነት መንገዱ ለስላሳ ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን ያደረሰን ባጃጅ ግን ኮብልስቶኑ ላይ እንደ ፍየል ዘለለ። ይህቺን ባጃጅ አትርሷት፤ ኋላ ትመለሳለች።

ጨዋታው ያለ ግራፊክስ ካርድ ሲንቀራፈፍ አልገረመኝም። ስለዚህ በስልክ ብቻ ከማውቀው አንድ ሻጭ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ገዛሁ። ዋጋው ገበያ ላይ ከጠየቅሁት በግማሽ ያነሰ ነበር። ይህ ብቻ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ዕድል የቀናኝ መሰለኝ። የበለጠ ደስ ያሰኘኝ ደግሞ ካርዱ ቪጂኤ መሰኪያ ያለው መሆኑ ነው፤ የድሮው ሞኒተሬ ከቪጂኤ ሌላ አያውቅምና። ሻጩ ሲለያየኝ «ድራይቨሩን እንዳታድስ፣ ያበላሸዋል» አለኝ፤ ድራይቨር ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ምክር መስሎኝ አመሰገንኩት።

ካርዱ የኳስ ጨዋታውን እንኳ በቅጡ አልሸከም አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ስከፍት ከካርዱ ስም ፊት «ሐሰተኛ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎ አየሁ። ውስጡ ያለው ቺፕ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነበር፤ የውስጥ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ስም እንዲጠራ ተደርጓል። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር አለው፣ ይህኛው 192። ያስደሰተኝ የቪጂኤ መሰኪያም ራሱ የሐሰቱ ምልክት ነበር፤ የ1050 ቲአይ ትውልድ ካርዶች ቪጂኤ ጨርሶ የላቸውም። «ድራይቨሩን አታድስ» የተባልኩትም አዲሱ ድራይቨር ያንን አሮጌ ቺፕ ስለማይቀበለው ነው። ስልኩን ስደውል አልተነሣም።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት፣ የሻጩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ጂፒዩ-ዚ ተከፍቶ እዩት። ከዚያ አንድ ጨዋታ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይሂድ። በዚህ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ካርድ እንዲህ አድርጌ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ሱቅ ገዛሁት። ጂቲኤክስ 1650፣ 4 ጊጋባይት። የመረጥኩት አቅሙን ብቻ አይቼ አይደለም። 75 ዋት ያህል ብቻ ስለሚወስድ ብዙ ሞዴሎች ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፤ የእኔ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ስም እንኳ ያልተጻፈበት ነበር። ቤት ወስጄ ስሰካው ግን አዲሱ ካርድ ቪጂኤ የለውም፤ ሞኒተሬ ደግሞ ቪጂኤ ብቻ። የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ብሰካው ጥቁር ሆኖ ቀረ። አንድ የሰፈራችን ጥገና የሚሠራ ልጅ መጥቶ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገባ፣ የሆነ ነገር ቀየረ፣ ምስሉ መጣ። እሱም እኔም ተደሰትን። ቡና ጠጥቶ ሄደ።

ያደረገው ነገር፣ ካርዱ ሲሰካ ተዘግቶ የነበረውን የፕሮሰሰሩን የራሱን ደካማ ግራፊክስ መልሶ መክፈት ነበር። ሞኒተሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተያያዘ ጨዋታው በዚያ ደካማ ግራፊክስ እየሄደ አዲሱ ካርድ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንን አላወቅሁም። ሦስት ሳምንት! የማወቂያው መንገድ ደግሞ ቀላል ነበር፦ ታስክ ማናጀር የተባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከፍቶ ጨዋታው ሲሄድ የትኛው ግራፊክስ እየሠራ እንደሆነ ማየት። የእኔ 1650 ዜሮ ላይ ተኝቶ ነበር። ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የምትቀይር ትንሽ መሣሪያ ገዝቼ የሞኒተሩን ገመድ ወደ ካርዱ አዞርኩት። ዛሬ ማንም ሰው «ኮምፒውተሬ ጨዋታ አልችል አለ» ሲለኝ መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሬ ገመዱ የት እንደተሰካ ነው የማየው።

ያን ዕለት ማታ ጨዋታው እንደ ዘይት ፈሰሰ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል)፣ ምንም ሳይናወጥ። ወንድሜ ጮኸ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መቆራረጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ጅልነቴ ጫፍ የደረሰው። «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» አልኩና እንደ አዲስ ጫንኩት። አልተለወጠም። ሌላ ቅጂ አመጣሁና ደገምኩት። በሁለተኛው ጊዜ የእህቴን የሠርግ ፎቶዎች ሌላ ቦታ መገልበጤን ሳላረጋግጥ ዲስኩን አጸዳሁት። ሦስተኛ ጊዜ የጫንኩት በንዴት ነው። ዊንዶውስን መልሶ መጫን አንዳንድ ችግር እንደሚፈታ አልክድም። ነገር ግን መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ የሚብስ ችግር ከሶፍትዌር ይልቅ ወደ ሙቀት ያመለክታል። ይህንን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እናቴ ግን ነገረችኝ፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት። አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈላች «ይህ ነገርህ ጠዋት ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነው እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮኸው» አለች። «እማዬ፣ ዝም ብሎ ፋን ነው» አልኳት። ማታ ተኝቼ ነገሩ አእምሮዬ ውስጥ ተመላለሰ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚለየው ምንድን ነው? አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋው መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ያው ኮምፒውተር አዲስ አበባ ውስጥ ሲሞከር ደህና የነበረው ለዚህ ይሆን?

የሒሳብ ሰው አይደለሁ? መዝገብ አወጣሁ። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንኑ ጨዋታ፣ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ጥራት ከፈትኩ። ኤችደብልዩኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀትና ፍጥነት በየሰከንዱ ያሳያል። ጠዋት ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ከሰዓት በኋላ ስድስት ደቂቃ በቃው። 100 ዲግሪ ለዚህ ፕሮሰሰር የመጨረሻው ድንበር ነው፤ እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ሁሉም ኮር አብሮ ሲሠራ 4 ጊጋኸርዝ የሚሄደው ፕሮሰሰር ከ2 በታች ወርዶ አየሁት። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 65 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከአቅሙ ግማሹን እንኳ አልሠራም፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ እስኪሰጠው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አራት ወር ሙሉ የከሰስኩት ካርድ ንጹሕ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርኳትን የንባብ ዘዴ ላካፍላችሁ። ጨዋታው ሲቆራረጥ የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀም 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱ የሚችለውን እያደረገ ነው፤ የጨዋታውን ጥራት ዝቅ አድርጉለት፣ ከጥላው ጥራት ጀምሩ። አጠቃቀሙ 40 ወይም 50 ላይ ሆኖ ከተቆራረጠ ግን አዲስ ካርድ ብትገዙ ገንዘባችሁን ጣላችሁ፤ ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ወደ ሙቀቱና ወደ ራሙ ዙሩ። በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚመጣ የሚያሳየው አማካይ ቁጥርም ያታልላል። 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው፤ አንዱ ምስል 100 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ዓይን ያየዋል፣ አማካዩ ግን ይደብቀዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ በመስመር የሚያሳይ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ይህንን ያደርጋል፣ ነጻም ነው።

ኮምፒውተሩን ልከፍት ስቀርብ መጀመሪያ ያነሣሁት የእናቴን ዳንቴል ነው። አዎ፣ ከላይ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ በሙሉ በዳንቴል ሸፍናው ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም እንዲሁ ለብሰዋል። ምርመራዋን ሳደንቅ የነበርኩት ሰውዬ ግማሽ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ስነግራት «አቧራ እንዳይገባ ነው» አለች። አቧራው ግን በፊት ለፊት ገብቶ ጨርሷል። ከአዳማ ወጣ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ ያ ነፋስ አቧራውን የሚያራግፈው እኛ ቤት ነው። የማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጥጥ የተዳመጠ ነገር ሞልቶ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጎሚስታ ጋ ወስደህ በአየር አስነፋው» ብሎኝ ነበር። አታድርጉት። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ታንክ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። እኔ ከሱቃችን አዲስ የቀለም ብሩሽ ወስጄ ሠራሁ። ገመዱን ነቅዬ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ፣ የሳጥኑን ብረት በእጄ ነክቼ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ ጠረግሁት። ፓወር ሰፕላዩን ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቀር ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል።

አቧራው ሲነሣ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአንድ ጎኑ ትንሽ ዘመም ማለቱን አየሁ። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው የኢንቴል ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን የሚይዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። ሦስቱ ገብተዋል። አራተኛዋ ከቀዳዳዋ ወጥታ ተንጠልጥላለች። ማቀዝቀዣው ፕሮሰሰሩን የሚነካው በግማሽ ጎኑ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ባጃጇ ትዝ አለችኝ። ሻጩ ጋ ሳለ ገብታ እንደሆነ ኮብልስቶኑ ነው ያወጣት፤ እኔ ይህን ነው የማምነው።

ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮልና በሶፍት አሮጌውን ፔስት አጸዳሁ። አዲሱን መሐል ላይ አንድ ጠብታ አደረግሁ፤ ከምስር ፍሬ ከፍ፣ ከሽምብራ ፍሬ ዝቅ ያለች። ሲበዛ ጥሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በጎን ከመፍሰስ በቀር ጥቅም የለውም። እግሮቹን በሰያፍ ተቃራኒ የሆኑትን ሁለት ሁለቱን ጫንኩ፣ እያንዳንዷ «ቀጭ» እስክትል። ከዚያ ማዘርቦርዱን ከጀርባው አይቼ አራቱም ጫፎች መውጣታቸውን አረጋገጥኩ። ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ከፊት ሲታይ የገባች የምትመስል እግር ከኋላ ስትታይ ያልገባች ልትሆን ትችላለች።

በዚያው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞከርኩት። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ 74 ዲግሪ። ፋኑም እንደ ወፍጮ ቤት አልጮኸም። አሁን ሳጥኑን ከመሬት አንሥቼ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ አስቀምጬዋለሁ፣ ዳንቴሉ ሬዲዮው ላይ ተደርቧል፣ ፍሬሙንም 60 ላይ ወስኜዋለሁ። ሞኒተሬ ከ60 በላይ ማሳየት ስለማይችል ከዚያ በላይ የሚመረት ፍሬም ሙቀት ብቻ ነው።

የቀረው ትንሽ መቆራረጥ የራም ነበር። ታስክ ማናጀር ላይ ከ8 ጊጋባይቱ 7.6 ተይዞ ዲስኩ 100 ከመቶ ሲሠራ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ያለኝን አንዱን ነቅዬ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞችን ገዛሁ። ሁለት መሆናቸው መጠኑን ያህል ይጠቅማል፤ በአንድ በር ሲጭንና ሲያራግፍ ለነበረ መጋዘን ሁለተኛ በር እንደመክፈት ነው። ማዘርቦርዱ አራት መሰኪያ ካለው የትኞቹ ሁለቱ ላይ እንደሚገቡ ከመመሪያው እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ግዛ ያለኝም ነበር። ጨዋታው ቶሎ እንዲከፈት በእርግጥ ይረዳል፤ የፍሬሙን ቁጥር ግን አያሳድግም።

በመጨረሻ የቀረው ችግር ከመቆራረጥም የባሰ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አንዳንድ ቀን ድንገት ጠፍቶ ይነሣ ጀመር። መዝገቤ ስለለመደብኝ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ረቡዕና ቅዳሜ። እናቴ እንጀራ የምትጋግርባቸው ቀናት! የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ የቤታችን ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው። ከሱቅ መልቲሜትር ተውሼ ስለካ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ምጣዱ ሲሰካ ወደ 175 ወረደ። ስም የለሹ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ያለው ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ቮልቱ እንዲህ ሲወርድበት አይታገሥም። ቀይ መቀየሪያውን በምንም ምክንያት አትንኩት፤ በ220 ቮልት ላይ ወደ 115 ያዞረ ሰው የሚሰማው ድምፅ የፍንዳታ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል ተብሎ የተጻፈበት ሌላ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፤ ቮልቱ ሲወርድ መጥፋቱ ቆመ።

ምጣዱና ኮምፒውተሩ አብረው ሲሠሩ ግን የቆጣሪው ማብሪያ አንዳንዴ ራሱ ይወርዳል፤ ለእሱ የቤቱ ሽቦ መቀየር አለበት፣ ገንዘቡ ደግሞ ለጊዜው የለም። ስለዚህ ስምምነት አደረግን። ረቡዕና ቅዳሜ እናቴ ምጣዱን ከመሰካቷ በፊት ከወጥ ቤት ትጣራለች፦ «ልሰካው ነው፣ ጨዋታችሁን አስቀምጡ!» እኔ ወዲያው አጠፋለሁ። ወንድሜ እስከ ዛሬ «እማዬ፣ አንድ ጎል ብቻ» ይላታል።